ውታፉ በማን እጅ ነው? የማፍሰሻ ቀዳዳና የከርሰ ጀልባ ውሃ ታሪክ

መግቢያ

ጀልባ የሚሠራው ውሃ ከውጭ እንዲቀር ነው። ሠሪው ሳንቃን ከሳንቃ ያጋጥማል፤ መጋጠሚያውን በጭረትና በቅጥራን ይደፍናል፤ በዘመናችንም ፋይበር ግላሱን ደራርቦ በሙጫ ያጣብቃል። ይህን ሁሉ ድካም ከፈጸመ በኋላ ግን በጀልባው የኋላ ግድግዳ ግርጌ፣ ከሁሉ ዝቅ ባለው ስፍራ፣ በገዛ እጁ ቀዳዳ ይበሳል። የቀዳዳው ስፋት ብዙውን ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ነው። መዝጊያውም በመዳፍ ውስጥ የሚሸሸግ ትንሽ ውታፍ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሠሪው ልፋቱን መልሶ ያፈረሰ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ቀዳዳ ስለ ምን እንደ ተበሳ፣ የሰው ልጅ ወደ ጀልባ ከሚገባ ውሃ ጋር በየዘመኑ እንዴት እንደ ታገለ፣ ከዚህም ታሪክ እኛ መሐንዲሶች የምንማረው ምን እንደ ሆነ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን እንድመረምር ያነሣሣኝ ንባብ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በአንደኛው ዳርቻ የዕረፍት ቀን ስናሳልፍ፣ በአንድ አነስተኛ የመዝናኛ ሞተር ጀልባ ተሳፈርን። ከነጂው ጋር ስድስት ነበርን። ጀልባው አፍንጫውን ቀና አድርጎ በፍጥነት ሲከንፍ ከወለሉ ሥር የኤሌክትሪክ ፓምፕ ድምፅ ይሰማ ነበር። እኔም የውሃ ምሕንድስና የተማርሁ እንደ መሆኔ ለባልደረቦቼ የፓምፑን አሠራር ማብራራት ጀመርሁ። ድምፁ ሳያቋርጥ መሰማቱንም የመልካም አያያዝ ምልክት አድርጌ ተናገርሁ።

ነጂው ጉማሬዎቹን ሊያሳየን ሞተሩን ባቀዘቀዘ ጊዜ ጀልባው በኋላው በኩል ዝቅ አለ። ጥቂት ቆይቶም ውሃ በወለሉ ሳንቃዎች መካከል ብቅ ብሎ ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። ነጂው ጎንበስ ብሎ በእጁ ከዳሰሰ በኋላ ቀና ብሎ ያየኝ ገጽታው እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። «ጋሼ፣ ውታፉ የለም!» አለኝ። ወዲያው የአንገቱን ሻርፕ ጠቅልሎ ቀዳዳውን ወተፈና ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሰጥቶ ወደ ዳርቻው አቀና። እኛም ባገኘነው የቀለም ጣሳ ውሃውን እየጨለፍን በሰላም ወጣን።

ኋላ ሲጠየቅ ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር ጀልባው ከውሃ ወጥቶ፣ ሌላው ሠራተኛ ያጠራቀመው እንዲፈስ ውታፉን ነቅሎ በዕቃ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጦታል። የሠራው ትክክል ነበር። ጧት የመጣው ነጂ ደግሞ ጀልባውን እንደ ወትሮው ወደ ውሃው ገፋው። ፓምፑም የታዘዘውን ይሠራ ነበር። እያንዳንዱ የበኩሉን አድርጓል፤ ጀልባው ግን ሊሰጥም ነበር። እኔም የሕመሙን ምልክት የጤና ምልክት ብዬ ያስተማርሁ ሰው ሆንሁ።

ሆድ የሌላት ታንኳ

ታሪኩን ከቅርባችን እንጀምር። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል ተጠፍራ የምትሠራው ታንኳ የማፍሰሻ ቀዳዳ የላትም፤ የሚያስፈልጋትም አይደለም። ውሃ በደንገሉ እስር መካከል እንደ ልቡ ይገባል፤ እንደ ልቡም ይወጣል። ታንኳይቱ የምትንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ በውስጡ አየር የያዘና ከውሃ የቀለለ በመሆኑ እንጂ በባዶ ሆዷ ምክንያት አይደለም። የጥንት ግብፃውያንም በዓባይ ላይ በዚሁ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር።

ይሁን እንጂ ታንኳይቱ ያለ ዕዳ አትኖርም። ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለ ታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ወደ የብስ አውጥቶ፣ ቀጥ አድርጎ አቁሞ በፀሐይ ያደርቃታል። እንዲህም ሆኖ ዕድሜዋ አጭር ነው። ከውሃ ጋር ያለውን ሒሳብ የሚያወራርደው በፓምፕ ሳይሆን በፀሐይና በትዕግሥት ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው የመንሳፈፍ መንገድ ውስጡን ባዶ ማድረግ ነው። ግንድ ቦርቡሮም ሆነ ሳንቃ ገጣጥሞ የሚሠራ ጀልባ የሚንሳፈፈው ያቀፈው አየር ከሚያፈናቅለው ውሃ ስለሚቀል ነው። በዚህ ዘዴ እንጨት ብቻ ሳይሆን ብረትም ይንሳፈፋል፤ ብዙ ጭነትም ይሸከማል። ነገር ግን ያ ባዶ ስፍራ ዘወትር መጠበቅ አለበት። ከወለሉ ሳንቃ በታች፣ በጀልባው አከርካሪ ግራና ቀኝ ያለውን ዝቅተኛ ስፍራ፣ ከርሰ ምድር እንደምንለው ሁሉ፣ ከርሰ ጀልባ ብንለው ያስኬዳል። ዝናቡ፣ የማዕበሉ ፍንጣቂ፣ ከመጋጠሚያ የሚያንጠባጥበው፣ ከሞተሩ ዘንግ ዙሪያ የሚሰርገው፣ ከዋናተኛው ገላ የሚወርደው ሁሉ የሚከተተው እዚያ ነው። ስለሆነም የባለ ሆድ ጀልባ ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ የከርሰ ጀልባ ውሃ ታሪክ ነው።

ከመጭለፊያ እስከ ጠመዝማዛው

የመጀመሪያው መሣሪያ እጅ ነው፤ ቀጥሎም ቅል፣ ከእንጨት የተፈለፈለ መጭለፊያ፣ ባልዲ። በሰሜን አውሮፓ የኖርዌይ ሰዎች የመካከለኛው ዘመን ሕጋቸው የመርከብን ለጉዞ ብቁነት የሚመዝነው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ ውሃው መጨለፍ እንዳለበት በመቁጠር ነበር። ይህ አስተዋይነት ነው። «ውሃ የማያስገባ መርከብ አምጣ» ብሎ የማይቻለውን አላዘዘም፤ የሚገባው ከሚጨለፈው እንዳይበልጥ ብቻ ጠየቀ። እነዚሁ ሕዝቦች በጀልባ ግርጌ ለሚገባው የእንጨት ውታፍ ራሱን የቻለ ስም ነበራቸው። ጀልባውን ወደ የብስ ጎትተው ውታፉን ሲነቅሉ፣ ሲጨልፉ ሊውሉበት የሚችሉት ውሃ ያለ ድካም ይፈስላቸዋል። እንግዲህ የቀዳዳው ምሥጢር ይኸው ነው። ጀልባው በውሃ ላይ ሳለ ጠላት የሆነው ቀዳዳ፣ ጀልባው በየብስ ላይ ሲሆን ከአገልጋዮች ሁሉ የላቀ አገልጋይ ነው።

ትልልቅ መርከቦች ግን በየቀኑ ወደ የብስ አይጎተቱም። ስለዚህ ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣ መሣሪያ የግድ አስፈለገ። የሲራኩዝ ንጉሥ ሁለተኛው ሂሮን በክርስቶስ ልደት ቅድመ 3ኛው ምዕት ዓመት ሲራኩሲያ የተባለች እጅግ ግዙፍ መርከብ ባሠራ ጊዜ፣ አርኪሜዲስ በፈለሰፈው ጠመዝማዛ መሣሪያ አንድ ሰው ብቻውን ከጥልቁ የመርከቧ ከርስ ውሃ ያወጣ እንደ ነበር አቴኒዮስ የተባለው ጸሐፊ የቀደመውን ምንጭ ጠቅሶ መዝግቧል። ዛሬ ለመስኖ የሚያገለግለው የአርኪሜዲስ ጠመዝማዛ በመርከብ ከርስ ውስጥም ሠርቷል ማለት ነው።

ቻይናውያን ደግሞ ሌላ ብልሃት ጨመሩ። በ1974 በቹዋንጆ ወደብ ከደለል ውስጥ ተቆፍራ የወጣችው የ13ኛው ምዕት ዓመት መርከብ በ12 ግድግዳዎች ተከፍላ 13 ክፍሎች ነበሯት። አንዱ ክፍል ቢቀደድ ውሃው በሌሎቹ ላይ እንዳይዛመት ነው። ይሁን እንጂ በየግድግዳው ግርጌ፣ ከአከርካሪው አጠገብ፣ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተትተዋል። በደኅናው ጊዜ የሚጠራቀመው ውሃ በእነሱ በኩል አልፎ አንድ ስፍራ እንዲሰበሰብና እንዲወጣ፣ በአደጋ ጊዜ ደግሞ እንዲወተፉ የሚያመች አሠራር ነው። መለየትና ማገናኘት በአንድ ጊዜ የተፈለጉበት ይህ አሠራር የጀልባ ሠሪን ችግር በአጭሩ ይገልጸዋል። ዛሬም በትንሽ የመዝናኛ ጀልባ ውስጥ ከወለሉ ሥር ባሉት አግዳሚዎች ላይ እንዲህ ያሉ መተላለፊያ ቀዳዳዎች አሉ። ቅጠል፣ አሸዋ ወይም የላስቲክ ቁራጭ ሲደፍናቸው ውሃው ከፓምፑ ርቆ ይታገታል፤ ፓምፑ ደርቆ ሳለ ጀልባው ይከብዳል።

የሰንሰለት ፓምፕና የሮያል ጆርጅ ጥፋት

በአውሮፓ የመርከብ ፓምፕ ለብዙ ዘመን የሚሠራው ውስጡ ከተፈለፈለ የዛፍ ግንድ፣ በተለይም ውሃ ውስጥ ቶሎ ከማይበሰብሰው ከኤልም ዛፍ ነበር። በግንዱ ውስጥ የቆዳ ክዳን ያለው ዘንግ እየወጣና እየወረደ ውሃውን ይስባል። ከዚያም በጦር መርከቦች የሰንሰለት ፓምፕ መጣ። ክብ ቆዳዎች የተሰኩበት ሰንሰለት በእንጨት ቱቦ ውስጥ ሲዞር ውሃውን እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል። ሰንሰለቱን የሚያዞሩት ሰዎች በፈረቃ እየተተካኩ ነበር። በ18ኛው ምዕት ዓመት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኮልና ቤንቲንክ የተባሉት ሰዎች ስማቸውን የሰጡት የተሻሻለ የሰንሰለት ፓምፕ ጥቂት ሰዎች ብዙ ውሃ እንዲያወጡ አስቻለ።

ሆኖም ፓምፕ መኖሩ ብቻ መዳኛ እንዳልሆነ በነሐሴ 29 ቀን 1782 በእንግሊዝ አገር በስፒትሄድ መልሕቅ መጣያ ታየ። ሮያል ጆርጅ የተባለችው ባለ 100 መድፍ የጦር መርከብ ከውሃው ጠርዝ በታች የሚገኝ አንድ የውሃ ማስገቢያ ቧንቧ እንዲጠገንላት ሆን ተብሎ ወደ ጎን ተደፋች። ከወደቡ አጠገብ፣ በጠራራ ቀን ነበር። በተዘነበለው ጎኗ በኩል ባሉት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባባትና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰጠመች። ከ800 በላይ ሰዎች አለቁ። ከእነሱም መካከል መርከቧን ሊጎበኙ የመጡ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት። ይህን ሁሉ ያስከተለው ሥራ ሲጀመር የአንድ ትንሽ ቧንቧ ጥገና ነበር።

በውስጥ የሚዋኝ ውሃ

ስለ ምን ጥቂት ውሃ ይህን ያህል ጥፋት ያስከትላል? መልሱን የሰጠው የ18ኛው ምዕት ዓመት ሳይንስ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌር በ1746 ባሳተመው የመርከብ ጥናት የመርከብን ሚዛን የሚወስነውን ነጥብ አስልቶ አሳየ። በ1749 ደግሞ ሌዮናርድ ኦይለር የራሱን ሰፊ ጥናት አቀረበ። መርከብ ሲያዘነብል ወደ ቦታው የሚመልሰው ኃይል በክብደቱ ማዕከልና ቡጌር ባመለከተው ነጥብ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል።

በከርሱ ውስጥ ያለ ውሃ ግን እንደ ተጫነ ድንጋይ በቦታው አይቀመጥም። ጀልባው ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ሁልጊዜ የሚያግዘው መገልበጥን ነው። ይህን ጉዳት የሚወስነው ደግሞ በዋናነት የውሃው ጥልቀት ሳይሆን የገጹ ስፋት ነው፤ ያውም በሦስተኛ ርቢ። 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የውሃ ገጽ መካከሉ ላይ በአንድ ግድግዳ ቢከፈል፣ የእያንዳንዱ ክፍል ጉዳት የመጀመሪያው አንድ ስምንተኛ፣ የሁለቱ ድምር ደግሞ አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር በሆነ ወለል ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ውሃ 225 ሊትር ነው። ለዓይን ጫማ የሚያርስ ኩሬ ይመስላል፤ ለጀልባው ግን ሳይታዘዙ ከወዲያ ወዲህ የሚሮጡ ሦስት ሰዎች ማለት ነው።

ሞተሩ ሲመጣ

ጎትሊብ ዳይምለር በ1886 በጀርመን አገር በኔካር ወንዝ ላይ በቤንዚን ሞተር የምትሄድ ጀልባ ባንቀሳቀሰ ጊዜ ሕዝቡ ቤንዚን ይፈነዳል ብሎ ይፈራ ነበር። ዳይምለርም ጀልባዋ በኤሌክትሪክ የምትሄድ እንድትመስል ሽቦና የሸክላ መቋጠሪያ አደረገባት ይባላል። የሕዝቡ ፍርሃት ግን መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ውሃው ሁሉ ቁልቁል ወርዶ በከርሰ ጀልባ ይተኛል። እዚያ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወይም ማብሪያ አንዲት ብልጭታ ብትፈነጥቅ ውጤቱ የታወቀ ነው። በ1940 የወጣው የአሜሪካ የሞተር ጀልባዎች ሕግ በቤንዚን የሚሠሩ ጀልባዎች ከርሳቸው አየር ማናፈሻ እንዲኖረው ያስገደደው ስለዚህ ነው። ዛሬም ጥንቁቅ ነጂ ከውስጥ የተተከለ የቤንዚን ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ማናፈሻውን ለጥቂት ደቂቃዎች ያሠራል፤ አፍንጫውንም ይጠቀማል።

በ1909 በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ለገበያ አቀረበ። ሌሎች ቀድመውት የሞከሩት ቢሆንም የእርሱ ሞተር በሰፊው ተሠራጨ። በዚህም ጀልባ መንዳት የባሕረተኛ ሙያ መሆኑ ቀርቶ የማንኛውም ሰው የዕረፍት ቀን መዝናኛ ሆነ። ጀልባው በተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ ከቤት ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወደ ቤት የሚመላለስ ዕቃ ሆነ። የጥንቱ ውታፍ አዲስ ዘመን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ጀልባው በየጊዜው ወደ የብስ ስለሚወጣ ውታፉን ነቅሎ ማፍሰስ ከሁሉ የቀለለ ዘዴ ሆነ። ነገር ግን በወጣ ቁጥር ይነቀላል፤ በገባ ቁጥር መመለስ አለበት። የመርሳት ዕድልም በዚያው መጠን በዛ።

ሞተሩ ሌላም ነገር አስተማረ። ፈጣን ጀልባ በውሃው ላይ ተንሸራቶ ሲከንፍ፣ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ከኋላ ግድግዳው ጠርዝ ተላቆ ስለሚሄድ ግድግዳው ደርቆ ለአየር ይጋለጣል። በዚያን ጊዜ ውታፉ ቢነቀል ውሃ አይገባም፤ በከርሱ ያለው ነው የሚወጣው። ዴንማርካዊው የመርከብ ሸራ ስፖርተኛ ፖል ኤልቭስትሮም፣ ከ1948 እስከ 1960 በተከታታይ አራት የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ሰው፣ ከዚህ ጋር የሚቀራረበውን የውሃ ፍሰት ጠባይ ተጠቅሞ ጀልባ ሲፈጥን ውሃውን ከሥር መጥጦ የሚያወጣ መሣሪያ በስሙ አሠርቷል። ዳንኤል ቤርኑሊ በ1738 ያብራራው የፍጥነትና የግፊት ዝምድና በጀልባ ግርጌ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ስንከንፍ ቀዳዳው ዝም ብሎን ነበር፤ ስንቆም ግን ተናገረ።

ቁጥሩ የሚለው

ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ በ1644 እንዳሳተመው፣ ከቀዳዳ የሚፈስ ውሃ ፍጥነት ከላዩ ያለው የውሃ ከፍታ ያህል ቁልቁል የወደቀ ነገር ከሚያገኘው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ቀዳዳችን ከውሃው ገጽ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ቢሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ 2.4 ሜትር ያህል ይሆናል። የቀዳዳው ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ከሆነና የጅረቱ መጥበብ 0.6 ተብሎ ቢታሰብ፣ መጀመሪያ ላይ በደቂቃ 43 ሊትር ገደማ ይገባል። በዚህ አያያዝ በ5 ደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ፣ ማለትም የሦስት ሰዎች ክብደት ይሆናል።

አሁን ፓምፑን እንመልከት። በትንንሽ የመዝናኛ ጀልባዎች ከሚተከሉት መካከል የተለመደው አነስተኛ ፓምፕ በሰዓት 1,900 ሊትር ያህል ያወጣል ተብሎ ይሸጣል። ይህ በደቂቃ 32 ሊትር እንኳ አይሞላም። ይህም ቁጥር ውሃውን ከፍ ማድረግ ሳያስፈልገው፣ ባትሪውም ሙሉ ሆኖ የተለካ ነው። ቱቦው ሲረዝም፣ ውሃው ሽቅብ ሲወጣ፣ ባትሪው ሲደክም ከዚያ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ በአውራ ጣት ልክ የተከፈተ ቀዳዳ ፓምፑን ያሸንፈዋል። ፓምፑ የተሠራው ለዝናብና ለፍንጣቂ እንጂ ለተረሳ ውታፍ አይደለም።

ከዚህ ጋር ተንሳፋፊ ማብሪያ የሚባለው መጣ። ውሃው ሲያድግ ተንሳፋፊው ይነሣል፤ ኤሌክትሪኩን ያገናኛል፤ ፓምፑ ማንም ሳይነካው ይሠራል። መልካም ፈጠራ ነው። ግን ሰውየው ውሃውን ማየት እንዲተው አደረገው። ቀድሞ ጨላፊው ውሃው መብዛቱን በክንዱ ድካም ያውቅ ነበር። አሁን የሚያውቀው ባትሪው ብቻ ነው፤ ባትሪው ደግሞ የሚናገረው ካለቀ በኋላ ነው።

ናስና ነሐስ

ውታፉ ራሱ ከምን ይሠራል የሚለው ጥያቄም ታሪክ አለው። እንጨት ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሟሽሻል። ብረት ይዝጋል። ሰር ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከቦችን የመዳብ ልባስ ከመበላት ለማዳን ሲመራመር፣ ሁለት የተለያዩ ማዕድኖች በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ አንደኛው በሌላው ፈንታ እንደሚበላ አሳየ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ በመሆኑ በባሕር ውሃ ውስጥ ዚንኩ እየተበላ ያልቅና ውጫዊ መልኩ ሳይለወጥ እንደ ስፖንጅ ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ በባሕር ላይ ለሚሠራ ጀልባ ከውሃው ጠርዝ በታች ለሚሆነው ዕቃ መዳብና ቆርቆሮ የተቀየጡበት ነሐስ ይመረጣል። የጎማ ውታፍም ቢሆን በፀሐይ ይሰነጠቃል። ለዓይን ደኅና የሚመስል ውታፍ ሁሉ ደኅና አይደለም።

የማይሰጥመው ጀልባ

በ1958 አሜሪካዊው ሪቻርድ ፊሸር በሁለት የፋይበር ግላስ ቅርፊቶች መካከል ፕላስቲክ አረፋ የተሞላበት ቦስተን ዌለር የተባለ ጀልባ ለገበያ አቀረበ። በ1961 ላይፍ መጽሔት ባወጣቸው ፎቶግራፎች ፊሸር ተቀምጦበት ሳለ ጀልባው መካከሉ ላይ በመጋዝ ለሁለት ሲቆረጥ፣ እርሱም ሞተር ባለበት ግማሽ ነድቶ ሲሄድ ታየ። ይህ ጀልባ ውታፉ ተነቅሎ እንኳ አይሰጥምም። በ1971 አሜሪካ ያወጣችው የጀልባ ደኅንነት ሕግና እርሱን ተከትለው የመጡት ደንቦች ከ6 ሜትር ገደማ ያነሱ አዳዲስ ሞተር ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም ተንሳፍፈው እንዲቀሩ የሚያስችል መንሳፈፊያ እንዲኖራቸው አስገደዱ።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ የጣናዋን ታንኳ ሳያስታውስ አይቀርም። በአረፋ የተሞላው ጀልባ የሚድነው በባዶ ሆዱ ሳይሆን በተሠራበት ነገር ቅለት ነው። የሰው ልጅ በረጅም ዙር ተመልሶ ወደ ደንገሉ መርሕ መጣ። ዕዳውም አብሮ መጣ። አረፋው ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ለረጅም ዘመን ውሃ ውስጥ ቢቆይ ውሃ ይጠጣል፤ ጀልባው ሳይታወቅ ይከብዳል። ታንኳን በፀሐይ ማድረቅ ይቻላል፤ በቅርፊት መካከል የታሸገን አረፋ ግን ማድረቅ አስቸጋሪ ነው።

የሚፈሰው ውሃ የት ይደርሳል?

ለብዙ ዘመን ጥያቄው ውሃውን እንዴት እናውጣው የሚል ብቻ ነበር። በ20ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ግን ወጥቶ የት ይሄዳል የሚለው ተጨመረ። የከርሰ ጀልባ ውሃ ንጹሕ አይደለም፤ ዘይትና ቤንዚን ይቀላቀልበታል። በ1973 የተፈረመውና በ1978 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የመርከብ ብክለት መከላከያ ስምምነት ትልልቅ መርከቦች የሚለቁት የከርስ ውሃ የዘይት መጠኑ ከሚሊዮን 15 እጅ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ትንሹ የመዝናኛ ጀልባ በዚህ ልክ አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ማብሪያው በራሱ ሲሠራ ዘይቱንም በራሱ ወደ ሐይቁ እንደሚተፋ መዘንጋት አይገባም።

ከዘይቱ ሌላ ሕይወት ያለው ነገርም በከርሱ ውስጥ ይጓዛል። በ1988 በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ባለው የሴንት ክሌር ሐይቅ ዜብራ የተባለው ጥቃቅን ቅርፊት ለበስ የውሃ እንስሳ ተገኘ። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ በመርከብ ተጓጉዞ የመጣ ነው። ዕጩው በዓይን ስለማይታይ በጀልባ ከርስ በቀረ ውሃ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ እንደ ሚኒሶታ ያሉ ክፍላተ ሀገር ጀልባ በመንገድ ላይ ሲጓጓዝ ውታፉ መነቀል አለበት ብለው በሕግ ደነገጉ። በእኛም አገር እምቦጭ በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። እምቦጭ በዘሩም ሆነ በቁራጩ ይራባል። ጀልባን ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚያዛውር ሰው ከርሱን አፍስሶና አጥቦ፣ ቁራጩንም ለቅሞ ሊነሣ ይገባዋል።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረናል። ውሃ የማያስገባ ጀልባ ተሠርቶ አያውቅም። በየዘመኑ የተሳካላቸው ውሃው እንደሚገባ አስቀድመው አምነው መሄጃ መንገድ ያበጁለት ናቸው። እያንዳንዱ አዲስ መሣሪያ ደግሞ ድካምን ሲቀንስ ጥንቃቄን ከቦታ ወደ ቦታ አዛወረ እንጂ አላስቀረም። መጭለፊያው ክንድን፣ የሰንሰለቱ ፓምፕ ፈረቃን፣ ማብሪያው ባትሪን፣ አረፋው ቅርፊትን መጠበቅ ጠየቀ። ከሁሉ የቆየው ውታፍ ብቻ ነው አንድም ሳይለወጥ የሰውን እጅ የሚጠብቀው።

በሥራችን የምንተክላቸው የግድብ ማስተንፈሻዎች፣ የታንከር መዝጊያዎች፣ የኤሌክትሪክ ቆራጮች ሁሉ የየራሳቸው ውታፍ አላቸው። እኛ መሐንዲሶች ስሌቱን ስንጨርስ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ማታ የሚከፍተውና ጧት የሚዘጋው ሰው ሁለት ሲሆን በመካከላቸው ምን እንደሚያገናኛቸው ግን ከንድፍ ወረቀታችን ላይ እምብዛም አይገኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ በዚያው ሐይቅ ዳርቻ ዳግመኛ አለፍሁና ያንኑ ነጂ አገኘሁት። ጀልባውን አሳየኝ። ሌላ ትልቅ ፓምፕ አልተተከለበትም። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ማታ ውታፉ ሲነቀል ከሞተሩ ቁልፍ ጋር በአንድ ሲባጎ ይታሰራል። ጧት ቁልፉን የሚያነሣ ሁሉ ውታፉን ሳያነሣ አይችልም። ማን እንዳሰበው ብጠይቀው ፈገግ ብሎ ዝም አለኝ። እኔም ስለ ፓምፕ አሠራር ምንም ሳላብራራ ተሳፈርሁ፤ ከመነሣታችን በፊት ግን ጎንበስ ብዬ ቀዳዳውን በጣቴ ዳሰስሁት።